ሰባት አግድም፣ ሦስት ፊደል

ጠመኔው ለሁለተኛ ጊዜ ተሰበረበት። መምህሩ ስባሪውን ከወለሉ አንስቶ ሰሌዳው ላይ የቀሩትን የቃላት እንቆቅልሽ ሳጥኖች ሠራ። ከጀርባው ስልሳ ሁለት ተማሪ ይንጫጫል። ድሮ ቢሆን ዞር ብሎ «ዝም!» ማለት ብቻ ይበቃው ነበር፤ የጎረቤት ክፍል ተማሪ ሳይቀር አብሮ ጸጥ ይላል። አሁን አንገቱ ላይ በጠመጠመው ሻርፕ ሥር የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ፤ ጉሮሮው ከትንፋሽ በቀር የሚያወጣው ነገር የለም። ሐኪሙ እቅጩን ነግሮታል፤ ድምፁ አይመለስም።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ክፉ ሰው አይደለም። ትናንት ጠዋት ቢሮው ጠርቶት «ወንድሜ፣ አንተን ከክፍል ማስወጣት ለኔም ይከብደኛል» ነበር ያለው። «ግን ልጆቹ ዘጠነኛ «ለ» ናቸው። ድምፅ ያለውንም ያስለቅሳሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ልይህ፤ ካልሆነ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ትገባለህ።» ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረ ሰው ግምጃ ቤት ገብቶ መጽሐፍ ላይ ማኅተም ሲመታ መዋል ከነሕይወት መቀበር ሆነበት። አጋነንክ ብትሉትም ግድ የለውም።

የእንቆቅልሹ ሐሳብ የሚስቱ ነው። እሷ የጋዜጣውን የቃላት እንቆቅልሽ ሳትሞላ ቁርስ አትቀምስም፤ እሱ ደግሞ ትዳራቸውን ሙሉ «የሥራ ፈት ጨዋታ» እያለ ሲያሾፍባት ኖሯል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን አጠገቧ ተቀምጦ «ግጭት»ን፣ «ጭብጥ»ን የመሳሰሉ የሥነ ጽሑፍ ቃላት እርስ በርስ ሲያቋርጥ ዋለ። «ወደ ሥራ ፈቶች ማኅበር እንኳን ደህና መጣህ» ብላ ሳቀችበት።

ሰሌዳውን መታ መታ አድርጎ ጠመኔውን ወደ ተማሪዎቹ ዘረጋ። ከሳጥኖቹ ጎን የጻፋቸው ፍንጮች ትርጉም አይደሉም፣ ተራ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ተማሪው ዓረፍተ ነገሩ የምን ምሳሌ እንደሆነ ለይቶ ይሞላል። አንደኛው «በሩ አላስገባም ብሎ አኮረፈ» ይላል።

«ሰውኛ ነው!» አለች የፊት ወንበር ተማሪ። «በር ያኮርፋል እንዴ?»

«እናንተ ቤት ባያኮርፍ እኛ ቤት ያኮርፋል!» አለ አንዱ ከኋላ።

ጠመኔው ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። መምህሩ ይጠቁማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሲሳሳቱ ቅንድቡን ያነሣል። ጫጫታው አልቀነሰም፤ ግን ሁሉም የሚጮኸው ስለ ሴራና ስለ መቼት ነው። ምክትሉ ሰዓቱን ሁለቴ አየና ሦስተኛ ሳያየው ቀረ።

ሰባት አግድም ላይ ደረሱ። ሦስት ሳጥን ነው፤ መጨረሻው ላይ «ት» ከላይ ከወረደው ቃል ተሞልቷል። ፍንጩ «መምህራችን ሲናገር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል» ይላል። መምህሩ ይህን ዓረፍተ ነገር የግነት ምሳሌ አድርጎ ያላስተማረበት ዓመት የለም፤ በየዓመቱ ይጮኽበታል፣ በየዓመቱ ይስቁለታል። ከድሮ ማስታወሻው ሲገለብጠው ምንም አላሰበም።

«ግነት!» አለ የኋላው ረድፍ በአንድ አፍ።

ክፍሉን ሁለቴ የደገመው፣ ጓደኞቹ «አባባ» የሚሉት ረጅም ልጅ ተነሣ። «የምን ግነት? አምናም ካቻምናም እዚሁ ነበርኩ። መስኮቱ በደንብ ነው የተንቀጠቀጠው፤ እኔ ምስክር ነኝ!»

«አንተማ ስትመሰክር ልታረጅ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሳቁ ሲበርድ መስኮቱ ሥር የተቀመጠች ቀጭን ልጅ «ምፀት ነው» አለች። «እሱም ሦስት ፊደል ነው፤ መጨረሻው ት ነው።»

«እንዴት ሆኖ?» አላት አባባ።

«ቲቸር ድምፅ የላቸውማ። ድምፅ የሌለው ሰው መስኮት ያንቀጠቅጣል ከተባለ፣ ምፀት ነው።»

 ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። ምክትሉ ከወንበሩ ብድግ አለ።

መምህሩ ዞሮ የገዛ ጽሑፉን አነበበው። ከሐኪሙ ወዲህ ይህን ነገር ፊት ለፊት የነገረው ሰው የለም፤ ሚስቱም ወንድሞቹም «አይዞህ፣ ይመለሳል» ነው የሚሉት። እሱም ለራሱ ብሎት አያውቅም። አሁን አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ያውም ማስረጃ ጠቅሳ፣ አለችው። ሰማይ አልተደፋበትም። ደግሞም ልክ ናት። ስንት ወር ሙሉ ደረቱ ላይ ተጭኖት የኖረ ነገር ቀለል አለው።

በወንበሮቹ መካከል አልፎ ጠመኔውን ሰጣት።

«ይቅርታ ቲቸር፣ እኔ እኮ...»

ራሱን ነቅንቆ ወደ ሰሌዳው ጠቆማት። ሄዳ «ም» እና «ፀ» ጻፈች።  መምህሩ ከጎኑ ትልቅ የልክ ምልክት አደረገበት።

«እሺ፣ ዘንድሮ ምፀት ከሆነ አምና ምን ነበር?» አለ አባባ፣ አሁንም አልተቀመጠም።

«አምና ግነት!»

«አምና እውነት ነው አልኩ እኮ!»

«ዓረፍተ ነገሩ እኮ ያው ነው! እንዴት በየዓመቱ ይለዋወጣል?»

«ተናጋሪው ሲለወጥ ይለወጣላ!» አለች ቀጭኗ ልጅ፣ ፍርሃቷን ረስታ።

«እኔ ለፈተናው ነው የምጠይቀው» አለ አባባ። «ሦስተኛ መድገም አልችልም!»

ምክትሉ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና ወደ መምህሩ ጆሮ ጠጋ አለ። «ለግምጃ ቤቱ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለው። «ግን እውነት፣ አምና ምን ነበር?» መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

መምህሩ ሳቀ። ትከሻው ተርገፈገፈ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። መጀመሪያ ያየችው ቀጭኗ ልጅ ናት፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ አባባ፣ ከዚያ የፊት ረድፉ፣ ከዚያ ስልሳ ሁለቱም። እሱ የጀመረውን ሳቅ እነሱ ጮኸው ጨረሱለት።