የልብሱ ነገር

«ለሐምዱ ቀኑን አራዝመውለታል?» አለች ጠበቃዋ ፀደይ፣ ብዕሯን ከወረቀቱ ሳታነሳ።

ጓንጉል የሰማ አልመሰለም። ከመስኮቱ ስር፣ ሲኒማ ራስ የቆሙት የታክሲ ረዳቶች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ «ሰባተኛ! ሰባተኛ!» ይላሉ። እሱም ጩኸቱን ሰበብ አድርጎ ጆሮውን ወደዚያ ጣል አደረገ።

«ጋሽ ጓንጉል፣ በቃልም ቢሆን ‹ቆይተህ አስረክበኝ› ብለውት ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ። ጊዜ ሰጥተውት ከሆነ ውል አፈረሰ ብለን የስፌት መኪኖቹን መጠየቅ አንችልም። ኋላ ችሎት ፊት ከምሰማው እዚሁ ብሰማው ይሻለኛል።»

«እኔ? ኧረ ምንም አላልኩም!»

መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። ለደንበኛ «ይሄ ቀለም በጭራሽ አይለቅም» ብሎ ሲምል ድምፁ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። «ምንም» የምትለዋ ቃል ግን በስንት መከራ ወጣች።

ውሉ ቀላል ነበር። ጓንጉል ጨርቁን ያቀርባል፤ ሐምዱ ሰባተኛ ባለው የስፌት ቤቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቶ ትምህርት ሳይከፈት ያስረክባል። ካላስረከበ ለመያዣ የተጻፉት የስፌት መኪኖቹ ለጓንጉል ይሆናሉ። ሐምዱ አላስረከበም። ዩኒፎርሙን ያዘዘው ትምህርት ቤትም ትእዛዙን ሰርዞ ሌላ ነጋዴ ጋ ሄደ። ያ ሌላ ማንም የማይለብሰው አረንጓዴ ጨርቅ፣ ግማሹ እንደተቆረጠ፣ አሁንም ሱቁ ውስጥ ተቆልሎ ጓንጉልን ባየው ቁጥር ያናድደዋል።

ሥራው ተጀምሮ ሳያልቅ ግን የሐምዱ ሚስት ራህማ ሞታለች። ከስፌቱ ግማሹን የምትሰፋው እሷ ነበረች። ጓንጉል ለቅሶ ደርሷል። ጫማውን አውልቆ፣ ምንጣፉ ላይ ከሐምዱ ጎን ተቀምጦ፣ የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «እግዜር ያበርታህ። የልብሱ ነገር አያሳስብህ፤ ስትረጋጋ ትሰፋዋለህ» ብሎታል። ሐምዱም አንገቱን እንደደፋ «አሚን» ብሏል።

ታዲያ ለቅሶ ቤት የተባለ ቃል ውል ነው እንዴ? ሰው ለቅሶ ቤት ሌላ ምን ይላል? «አይዞህ ሐምዱ፣ ብቻ ቀኑን እንዳታሳልፍ» ሊል ነው? ጓንጉል ሰሞኑን በዚህ ራሱን ሲያሳምን ከርሟል። ሱቁ ውስጥ ደህና ይሠራ የነበረው ክርክር ግን እዚህ የፀደይ ወንበር ላይ አልሠራ አለው።

በሩ ተንኳኳ። ሐምዱ ነበር። ፀደይ ናት የጠራችው፤ ክስ ከመመሥረቷ በፊት ሁለቱንም ወገን ፊት ለፊት አስቀምጣ መስማት ልማዷ ነው። ጓንጉል፣ ሐምዱ ጠበቃ ይዞ፣ ወይም ቢያንስ ተቆጥቶ እንዲመጣ ተመኝቶ ነበር። ብቻውን መጣ። ከስቷል፤ የልብስ ሰፊው ኮት በራሱ ትከሻ ላይ ሰፍቶታል።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? እትዬ ሠርኬ ደህና ናቸው?»

የእሱን ሚስት ደህንነት ነው የሚጠይቀው። ጓንጉል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ደህና ናት» ለማለት እንኳ አፈረና ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«አቶ ሐምዱ፣ ልብሱን በቀኑ አላስረከቡም» አለች ፀደይ።

«አላስረከብኩም።»

«ጋሽ ጓንጉል ቀኑን አራዝመውልዎት ነበር? እሳቸው ምንም አላልኩም ብለውኛል።»

ሐምዱ ወደ ጓንጉል ዞረ። ልኩን ሊወስድለት ፊቱ እንደቆመ ደንበኛ ከላይ እስከ ታች አየው። ጓንጉል ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። ተናገር እንጂ፣ አለ በልቡ። ብለኸኛል በለኝ፤ ምስክር ጥራ፤ ስንት ሰው ሰምቷል! ቢለው ኖሮ ይጣላው ነበር፤ ተጣልቶም ይገላገል ነበር።

«ጋሼ አላልኩም ካሉ፣ አላሉም» አለ ሐምዱ።

ፀደይ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። የሆነ ነገር አልጥም ብሏታል። «እርግጠኛ ነዎት? ይሄ ቃል እኮ መኪኖቹን ያስወስድዎታል።»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ እህቴ። ነገ ሰው ይላኩ።» ከዚያ ወደ ጓንጉል ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሩ ጋ ያለችው መኪና የራህማ ናት፣ ጋሼ። ፔዳሏ ትንሽ ይይዛል። ዘይት ጠብ ቢያደርጉላት ይለቃል።»

ጓንጉል አፉን ከፈተ። ምንጣፉ፣ ለቅሶው፣ ያቺ ቃል፣ ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበሩ። አንድ ጊዜ ቢተነፍስ ይወጡ ነበር።

«ሐምዱ…» አለ። «ሻይ… ሻይ አትጠጣም?»

«ይቆየኝ፣ ጋሼ።»

ሐምዱ ተነሳ። በሩ ጋ ሊደርስ ሲል ተመለሰና ጎንበስ ብሎ የጓንጉልን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«አላህ ያበርታዎት» አለው ቀስ ብሎ። «የልብሱ ነገር አያሳስብዎት።»

ጓንጉል በሰውየው ፊት ላይ ሽሙጥ ፈለገ፤ ቢያገኝ ደስ ባለው። አጣ። እጁን ከዚያ ሙቀት ማውጣት ስላቃተው፣ ቤቱ ሰው እንደሞተበት ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ «አሜን» አለ።