ከክዳኑ ሥር

ጎንደር ውስጥ ቦይ ስንጠርግ ልማድ ነበረን። ፊልጶስ ከታች ሲገባ እኔ ከላይ ክዳኑን በድንጋይ እመታ ነበር፤ እሱም በአካፋው መልሶ ይመታል። ደኅና ነኝ ማለቱ ነው። አምና ክረምት ግን ድንገት የወረደ ጎርፍ ይዞት ሄደ፤ አስከሬኑም አልተገኘም።

ዘንድሮ አዲስ ቦይ ስለተሠራ አሮጌውን እስከ አፉ ድንጋይና አፈር ሞላንበት። ዛሬ ክዳኑን በሲሚንቶ ልናሽገው ስንል ሚስቱ ዓይናለም መጣች።

«አያ የሺዋስ፣ አንዴ ብቻ ልምታው» አለችኝ።

ምን ብዬ ልከልክላት? ተንበርክካ መታች። ምንም የለም። ነጠላዋን ሰብስባ ልትነሳ ስትል ክዳኑ ከሥር በአካፋ ተመታ። ሠራተኛው ሁሉ አጠገቤ ቆሟል።

ዓይናለም ክዳኑን በመዳፏ እየዳበሰች ቀና ብላ አየችኝ።

«ደኅና ነኝ ማለቱ ነው፣ አይደል?»