ከመቶ በላይ

ሥራ አስኪያጁ ቢሮውን ከውስጥ ቆለፉት። በሙስና የጠቆመቻቸው ሠራተኛ በስልክ የሰጠችው ቃል ከኮምፒውተሩ እንደ ሹክሹክታ ተሰማ።

«ከፍ አድርጊው! ካወቅኋት ነገ እዚህ አትውልም።»

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ታዘዘች። የድምፅ መጠን ከመቶ በላይ ሲገፋ ንግግሩ እንደሚሰነጣጠቅ፣ ተናጋሪውም እንደማይለይ ጠንቅቃ ታውቃለችና እስከ መጨረሻው ገፋችው። በረዶ የሚወርድበት ቆርቆሮ የመሰለ ጩኸት ክፍሉን ሞላው።

«ይህቺ ሰው ናት ወይስ ወፍጮ?» አሉ ጆሯቸውን ይዘው። «ቅጂው ነው የተበላሸው?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ምነው፣ ምን ለጎመሽ? ከገባሽ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈስሽም! ማን ትመስልሻለች? ንገሪኝ እንጂ!»

ጉሮሮዋን ይዛ እንዳመማት በምልክት ነገረቻቸው። አፏን ብትከፍት የሚወጣው ያው የጠቋሚዋ ድምፅ ነው።