ወደ ቀኝ የምትስበው መኪና

ሰፈራቸው መግቢያ ላይ በቀኝ በኩል ግሮሰሪ አለ፤ በግራ የአማቱ ቤት ነው። ባል ከሥራ ሲመለስ የሚገኘው ሁልጊዜ ግሮሰሪው ውስጥ ነው።

«ምን ላድርግ፣ የመሪው ቴስቲና ተበልቷል» ይላታል ሚስቱን። «መኪናዋ ራሷ ወደ ቀኝ ትስበኛለች።»

አማቱ «ከፋሲካ ወዲህ ደጄን አልረገጠም» ብለው ሲያዝኑ ሚስት ትከራከርለታለች።

«እማዬ፣ ጥፋቱ የመኪናዋ ነው። እሱማ ይወድሻል።»

ቅዳሜ ጠዋት እሱ ሳይነቃ ቁልፉን አንስታ መኪናዋን ጋራዥ ወሰደችለት። መካኒኩ ጋሽ ሽብሩ መኪናዋ ባሏን በየቀኑ ወደ ግሮሰሪው እንደምትስበው ከእሷ ሰምተው፣ ከሥር ገብተው የፊት ጎማዎቹን ነቀነቁ።

«እውነቱን ነው፣ ቴስቲናው አልቋል። ጎማውንም ባንድ ጎኑ በልቶታል። እስቲ መንገድ ላይ ልያት።»

እሷን አጠገባቸው አስቀምጠው እስከ ሰፈሩ መግቢያ ነዱ። ግሮሰሪው ጋ ሲደርሱ ፍጥነት ቀንሰው ሁለቱንም እጃቸውን ከመሪው አነሱ። መኪናዋ ቀስ እያለች ወደ ግራ ሄደች፤ መንገዱን አቋርጣ የእናቷን በር ልትነካ ስትል ጋሽ ሽብሩ ፍሬን ያዙ።

«ይቺን በየቀኑ ታግሎ ግሮሰሪ የሚያስገባት ሰው» አሉ በሩን እያዩ፣ «እንዴት ያለ ክንድ ቢኖረው ነው?»