የጋኖቹ ጉብታ

ሊማን ገና ከመኝታው ሳይነሳ ሰው መናቅ ይጀምራል። ሰሞኑን ተራው የባልቴቷ የያጋና ነበር።

ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ከሎጎን ወንዝ በስተምሥራቅ ያለው መሬት ሁሉ የሊማን ዘመዶች፣ በስተምዕራብ ያለው የያጋና ዘመዶች ነው። የያጋና ሙታን በትልልቅ ጋኖች የተቀበሩበት ጥንታዊ ጉብታ በስተምዕራብ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ ፍየሎቿን ይዛ የምትወጣውም እዚያው ላይ ነው። አምና ወንዙ መሄጃውን ለውጦ ከጉብታው በስተምዕራብ ፈሰሰ። ሊማን ውሎ ሳያድር ጉብታው የኔ ነው አለ። አፈሩን ቆርጦ ለጡብ ሊሸጠው።

ያጋና አልጮኸችም። ጉብታው ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ስታይ ትውላለች። ስትወርድ እዚህም እዚያም ሸምበቆ ትተክላለች፤ በስተምሥራቅ በሊማን ጓሮ ባለው አሮጌ ቦይ ውስጥ ሳይቀር። ሊማን ድግምት ነው ብሎ የጓሮውን ነቀለው። ጫፉ እርጥብ ነበር። እጁን በልብሱ ጠረገ።

ሚስቱ ፋልማታ እንስራዋን ተሸክማ በጓሮ በር ገባች።

«የኡስማን አባት፣ ሰሞኑን ውሃው እኮ...»

«በፊት ለፊት በር ግቢ። ቤቱን አጨቀየሽው።»

የአገሩ ሱልጣን ሊፈርዱ መጡ። ሊማን ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ጌታዬ፣ ወሰናችን ወንዙ ነው። ወንዝ ደግሞ በባልቴት እንባ አይመለስም።»

ሰዉ ሳቀ። ያጋና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ነገም ወንዙ ቢዞር? መንገዱ ላይ ቤት ቢያገኝስ?»

«ቤትም ቢሆን፣ ቤተ መንግሥትም ቢሆን። ወንዝ ዘመድ አያውቅም፣ እትዬ።»

ሱልጣኑ ፊታቸው ጠቆረ። «ማልላት» አሉ። ሊማን በሰው ሁሉ ፊት በቁርአን ማለ፤ ለዘንድሮም፣ ለከርሞም፣ ለልጅ ልጅም። ለመማል የቸኮለ ሰው መቼም ጎረቤቱን እንጂ ራሱን አያይም።

ከዚያ በምሥራቅ በኩል የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ወዳሉት ጡብ ሠሪዎች ላከ። መንገዱ ደረቅ ነው፣ አህዮቻችሁን ሁሉ ነድታችሁ ሰኞ ኑ አላቸው። ያጋና ከጉብታው አልወረደችም። እስከ ሰኞ ታልቅስ አለ።

ቅዳሜና እሑድ ላይኛው አገር ሲዘንብ ሰነበተ።

ሰኞ ጧት ሊማን የፊት ለፊቱን በር ከፈተ። ወንዙ ደርቆ መሄጃው ላይ ዓሦች በጭቃ ውስጥ ይፈራገጣሉ፤ የያጋና ፍየሎች በእግራቸው እየተሻገሩ ወደ ጉብታው ይወጣሉ። ሊስቅባቸው አፉን ሲከፍት ፋልማታ ከጓሮ ጠራችው።

ጡብ ሠሪዎቹ ጓሮው ድረስ መጥተው ነበር፤ ያለ አህያ፣ በታንኳ።