የሸክላ ሠሪዋ አራተኛ ጥያቄ

ልብስ ሰፊው አስታራቂ የሆነው ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። በመንደሩና በሞተረኞቹ መካከል ሲመላለስ ጫማው አለቀ፤ ቀጥሎ ካልሲው አለቀ፤ አሁን የሚሄደው በእልህ ብቻ ነው። የስፌት መኪናው ላይ ሸረሪት ድር ሠርታ፣ ልጆች ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ እሑድ ከከተማ አሥራ አንድ ሞተረኞች ዳገቱን ሊወጡ ይመጣሉ። አቧራው ከመብዛቱ የተነሳ ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉት በዳሰሳ ነው። አንድ በሬ የጎረቤቱን በረት የራሱ መስሎት ገብቶ ሦስት ቀን ተቀልቧል። ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ወርውሮ መጨረሻ የሚመጣውን ሞተረኛ ትከሻው ላይ መታው። ሞተረኞቹም «ሁለተኛ ብትሞክሩ ዱላ ይዘን ነው የምንመጣው» አሉ። ልብስ ሰፊው የታየው ሬሳ ነው።

በስንት ልመና የስምምነት ወረቀት ተጻፈ። ሁሉም ፈረመ፣ ከሸክላ ሠሪዋ በቀር። መንገዱ የሚያልፈው በእሷ መሬት፣ በደጇ ኩርባ ላይ ነው። እሷ ካልፈረመች የመንደሩ ወንዶች መንገዱን ቆፍረው ሊቆርጡት ዶማ ስለዋል። ሴትዮዋን ከኋላዋ «ሬት» ይሏታል። ድንጋይ የወረወረውን ጎረምሳ እንኳ ጠርታ በጥፊ አጩላዋለች። «ሬት ለወገንም አትመለስም!» አለ መንደሩ።

«እትዬ፣ ምን ጎደለ?» አላት ልብስ ሰፊው።

«ይፈጥናሉ። ገንቦዬን ሁሉ ሰነጠቁት። ቀስ ይበሉ።»

ቀስ አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ቀንድ አውጣ ቀድማቸው ዳገቱ ላይ ጠበቀቻቸው።

«አሁንስ እትዬ?»

«ጩኸታቸው። ሞተሩን አጥፍተው ይግፉት።»

የሞተረኞቹ አለቃ ቡሎን ይባላል። ጋራዥ ውስጥ ተጋድሞ ይህን ሲሰማ ከመኪናው ሥር ተስፈንጥሮ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሞተር የገዛነው ልንገፋው ነው?»

«ወንድሜ፣ ለእኔ ስትል። ዳግመኛ ከመጣሁ እግሬ ቤት ቀርቶ እኔ ብቻ ነኝ የምመጣው።»

ገፉ። ላባቸው አቧራውን አበረደው፤ እንዲያውም ታች ሰፈር ጎርፍ ገባ የሚሉ አሉ። ያ መጨረሻ የሚመጣው ኩርባው ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ተንቀራፈፈ። «አያችሁት? የሚያበሽቃት እሱ ነው» አሉ ዶማ የሳሉት።

ሸክላ ሠሪዋ አልፈረመችም።

«ሲያልፉ ቆም ብለው ሰላም ይበሉኝ» አለች።

ቆሙ። አሥራ አንድ ሄልሜት ጎንበስ ቀና አለ። እሷ ከአንዱ ወደ አንዱ ስታይ ቆይታ ፊቷን አዞረች።

«ፊታቸውን ሸፍነው ነው ሰላም የሚሉኝ? ሌባ ናቸው? ያውልቁ!»

ልብስ ሰፊው የጭቃ ክምሯ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እኔም ሰው ነኝ እኮ፣ ደከመኝ። ሰዎቹን ማዋረድ ነው የፈለግሽው?»

«ከደከመህ አረፍ በል» አለች፣ አምና እሱ ራሱ የሰፋላትን ጥቁር ቀሚስ ከጭቃ እያራገፈች። «እኔ አልደከመኝም።»

ቡሎን ይህንንም ሲሰማ መሳደብ አቃተው። «የመጨረሻ ነው» አለ በቀስታ። «ከዚህ በኋላ ወይ ትፈርማለች፣ ወይ በዱላ እናልፋለን።»

እሑድ ረፋዱ ላይ አሥራ አንዱ ደጇ ላይ ተደረደሩ። ዶማ የያዙት ከማዶ ቆመው ይጠብቃሉ። ልብስ ሰፊው ወረቀቱንና የጣት ቀለሙን ይዞ መሃል ላይ ቆሟል።

ሄልሜት አንድ በአንድ ወለቀ። ሸክላ ሠሪዋ ስንጥቅ እንዳለው ድስት እያንዳንዱን ፊት እየመረመረች አለፈች። አሥር ፊት አየች።

መጨረሻ ላይ የቆመው አላወለቀም።

«አውልቅ እንጂ!» አለ ቡሎን።

ሰውዬው ንቅንቅ አላለም። ከማዶ ዶማ ብድግ ብድግ አለ። «ጨረሰን!» አለና ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ።

ሸክላ ሠሪዋ በጭቃ እጇ ሄልሜቱን ራሷ አወለቀችው።

«አባትህ ሞቷል» አለችው። «ከእንግዲህ የሚያባርርህ የለም፤ ግባ።»