የመምህርት ምዌንዴ ደም ሥር

የናይሮቢዋ መምህርት ምዌንዴ ግራ እግሯ እንደ ግንድ ካበጠ ሁለት ዓመቱ ነው። ዛሬ በማደንዘዣ ሳያስተኟት በብሽሽቷ ቀጭን ቱቦ አስገቡላት። ይኼ ካልሆነ ቆሞ ማስተማር አበቃ።

ዶክተር ኦዴራ ደም ሥሩን በራጅ የሚያሳየውን ቀለም በቱቦው ለቀቀና ስክሪኑን አየ። «አርተሪው፣ ደም ወሳጁ፣ ዳሌሽ ውስጥ ደም መላሹን ተጭኖት ነው፣ ቲቸር። ሁሌ የሚጫነው ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው» አለና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። እሷም ከተኛችበት ስክሪኑን አየችው። ደም ሥሩ በአንድ ጎኑ አራት፣ በማዶው አንድ ስርጉድ ነበረው።

«በእጅ ጨምድደው የያዙት የውሃ ጎማ ነው የሚመስለው» አለች ነርስ ኬሙንቶ።

«አንቺ ደግሞ፤ ይልቅ ፊኛውን አቀብይኝ።»

በቱቦው የገባው ትንሽ ፊኛ ተነፋ፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዘው የሽቦ መረብ ተተከለ። ስርጉዶቹ ጠፉ። ምዌንዴ እግሯ ቀለል ሲል ተሰማት።

«እንግዲህ ተማሪዎችሽ ወዮላቸው» አለ ዶክተሩ። «ለማረጋገጥ አንዴ ትንፋሽሽን ያዢልኝ።»

ያዘች። ስክሪኑ ላይ፣ ከሽቦው በላይ፣ አንድ ስንዝር ወደ ልቧ ከፍ ብሎ፣ ደም ሥሩ መሰርጎድ ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። አምስተኛው ከማዶ መጣና ጠበቅ አደረገው።